ሽሮ በሃምሳው

መክሊት የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት የዶሮ ወጡ ሽታ የኒሙን ዛፍ ጥላ አልፎ መምህራን ክፍል ደረሰ። ዋሲላ እንደ ልማዷ እጇን ሰደደችና አየር ላይ ቀጥ አደረገችው።

«ውይ!» አለች እየሳቀች። «ለካ ፈስካችኋል!»

ዕለቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው ማክሰኞ ነበር፤ ዘመኑ 2002 ዓ.ም.። ሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሚኒስትሪ ፈተና የማጠናከሪያ ትምህርት ስላላቸው ምሳቸውን የሚበሉት ገንዳ ውሃ ከተማ ካለው ትምህርት ቤታቸው ግቢ ነው። ጾሙን በሙሉ የበሉት ከአንድ ሳህን ነበር። መክሊት ሽሮ ወይ ምስር ታመጣለች፤ ዋሲላ ደግሞ እናቷ መጂዳ የሰሊጥ ዘይት ያፈሰሱበትን ፉል። አሁን ግን የክርስቲያን ሥጋ ለዋሲላ፣ የሙስሊም ሥጋም ለመክሊት አይሆንም። ይህ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ማንም አልተቀየመም። ዋሲላ ፉሏ ላይ፣ መክሊት የዶሮ እግሯ ላይ አቀረቀሩ። ወሬያቸውም አብሮ ቀዘቀዘ። ክፋቱ ደግሞ ዶሮው ይጣፍጥ ነበር።

መክሊት ሥጋ ጠልታ አታውቅም። በቤታቸው ቁርጥ ሲቀርብ ከአባቷ ቀጥላ ቢላዋ የምታነሣው እሷ ናት። ቢሆንም የዚያን ዕለት እንደገባች እናቷን «እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ለምሳ ሽሮ ቋጥሪልኝ» አለቻት።

ወንፊት ሊዋሱ የመጡት ጎረቤታቸው እትዬ አሰፋች አማተቡ። «በሃምሳው? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት? ጌታ ተነሥቶ አንቺ ልትጾሚ!»

«አልጾምም፣ እትዬ። ቅቤ ይግባበት።»

እትዬ አሰፋች ጥቂት አሰቡ። «ቅቤ ከገባበትማ ጾም አይባልም» ብለው ወንፊቱን ይዘው ወጡ።

እናቷ ባየሽ ግን በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም። «ሁለት ዓይነት ወጥ አልሠራም። ካማረሽ ራስሽ ሥሪ» አለች።

በማግስቱ ዋሲላ የመጀመሪያውን ጉርሻ አኝካ፣ አኝካ በመከራ ዋጠችው። «ይኼ ሽሮ ነው ሲሚንቶ?»

«ሙድ አትያዢብኝ! በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ነው የሠራሁት።»

«ታማም፣ ታማም፤ ደህና ነው» አለች ዋሲላ፤ ደግማም ጠቀለለች። ከዚያ እስኪደወል ድረስ ስለ ሒሳብ መምህራቸው አዲስ ጫማ ሲያወሩና ሲንከተከቱ ዋሉ።

ዓርብ ወደ ማታ አባቷ አቶ ዋኘው፣ ኮኪት አካባቢ ካለው የሰሊጥ እርሻቸው ልብሳቸው አቧራ ጠጥቶ መጡ። ባየሽ ውሃ እያቀረበች የሳምንቱን ወሬ ስትነግራቸው ሽሮው ላይ ስትደርስ አቋረጧት።

«ሽሮ? ዋኘው ሰሊጡ ከሸፈበት እንዲሉኝ ነው?» ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ድምፃቸው ወዲያው ረገበ። «ምን ሆነሻል መክሊቴ?»

እውነቱን መናገር ትችል ነበር። ነገር ግን «ዋሲላ ናት ያስተወቻት» ብለው ቢከለክሏትስ? «ሆዴን አሞኝ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

አቶ ዋኘው ጅብም ሽፍታም አይፈሩም፤ በሽታ ግን ይፈራሉ። «በቆላ ሕመም አይናቅም። ነገ ጎንደር ሄደሽ ትመረመሪያለሽ» አሉ። መክሊት ልታስተባብል ብትሞክር ማን ይስማት!

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» እያለ ይጮኻል። አቶ ዋኘው የልጃቸውን ቦርሳ በብብታቸው ይዘው በስልክ የትራክተር ሹፌራቸውን ያነጋግራሉ። «ተወው፣ ይቁም! ሠራተኞቹንም አሰናብታቸው። እርሻው የትም አይሄድ፤ ልጄ ታማብኛለች።» ዓይናቸው ቀልቷል።

መክሊት እጅጌያቸውን ጎተተች።

«አባባ… አላመመኝም።»

ስልኩን ከጆሯቸው አነሡ። እሷም የኒሙን ጥላ፣ ዶሮውን፣ አየር ላይ የቀረችውን እጅ፣ ሲሚንቶ የመሰለውን ሽሮ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ዋሲላ የባለ ሱቁ የኸሊፋ ልጅ?»

«አዎ።»

«እሷ ናት ሥጋ ተዪ ያለችሽ?»

«ኧረ እሷስ ‹አትሞኚ፣ ዶሮሽን ብዪ› ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ አብረን እንብላ ብዬ።»

አቶ ዋኘው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ረዳቱ እስኪዞር ድረስ ሳቁ። «እኔና ኸሊፋ እኮ ሃያ ዓመት ስንዋደድ አብረን የቀመስነው ሻይ ብቻ ነው! ሽሮ የሚባል ነገር መኖሩ እንዴት ጠፋን?» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ሳቁ ሲያልቅላቸው ቦርሳዋን መለሱላት። «ሁለተኛ ግን በሕመም እንዳትዋሺኝ። ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም።»

«እሺ አባባ» አለች፤ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ።

እሑድ የቅርጫ ሥጋ ቤታቸው ገባ። መክሊት ቢላዋዋን አንሥታ፣ አዋዜ እያጠቀሰች አንዱን ሳትውጥ ሌላውን ቆረጠች። ለቁርጡ የተጠሩት እትዬ አሰፋች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ይቺ ናት ሥጋ የተወችው?»

«ማን ተወ? ቀነስኩ እንጂ፣ እትዬ!»

ሳቁ ጋብ ሲል አቶ ዋኘው ከሻኛው ስቡ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ መርጠው ከፊቷ አስቀመጡ። «ይኼ ይጠበስና ነገ ለምሳ ያዢው። አንድ ቀን ምን አለበት?» አሉ፤ የልባቸውን ነበር።

መክሊት ሻኛውን አየችው። ምራቋን ዋጠች። በቅቤና በሮዝመሪ ሲጠበስ የሚወጣው ሽታ ከአሁኑ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

«ማታ ስመለስ እበላዋለሁ» አለችና ሳህኑን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችው።

እጇን ታጥባ፣ ምስሩን በሰፌድ አፍስሳ ነፋሻው በር ላይ ተቀመጠችና ጠጠሩን መልቀም ጀመረች።