ይማርህ ያለኝ ማን ነው?

ማመን አለማመን የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወሬ መፍጠር አልችልበትም። በራሴ ላይ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ውጭ ዝናብ ይጥላል። እኔ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከስፌት መኪናዬ በቀር ማንም የለም።

አስነጠሰኝ።

"ይማርህ..."

ድምፁ የመጣው ከውስጠኛው ክፍል ነው።

"ያኑርሽ" አልኩ፣ ዓይኔን ከጨርቁ ላይ ሳላነሳ።

አንድ ስንዝር ያህል ሰፋሁ። ከዚያ እግሬ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ።

ያ ክፍል የእናቴ ነው።

እናቴ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው...

እናቴ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ንፋስ። ሌባ አትፈራም፣ እባብ አትፈራም። መስኮቱ የጣት ያህል ከተከፈተ ግን "ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታሃል!" ብላ ቤቱን ትቀውጠዋለች። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጺሜ ሸብቷል። ለእሷ ግን ያው ንፋስ የሚመታው ሕፃን ነበርኩ። የበሩን ሥር እንኳ በአሮጌ ጨርቅ ትጠቀጥቀው ነበር።

ስትሞት ምንም አልነካሁም። መስኮቱ እንደተዘጋ፣ ጨርቁም እንደተጠቀጠቀ ነው።

ማስነጠስ የጀመረኝ ከዚያ ወዲህ ነው። የጨርቅ ብናኝ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ስተኛ ደረቴ ሲር ሲር ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ? የከበደኝ ማስነጠሱ አልነበረም። ካስነጠሰኝ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ የዚያን ቀን እግሬ አውጪኝ ብዬ መሮጥ ሲገባኝ ሆዴ ባባ። ሱሪውን ታቅፌ አለቀስኩ።

በማግስቱም አስነጠሰኝ። "ይማርህ..." ከዚያው ክፍል።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ በሩ ጋ ደርሷል።

በአምስተኛው ቀን ከወንበሬ ጀርባ።

በየጊዜው "ያኑርሽ" እላለሁ። ዞር ብዬ ግን አላየሁም። ወንድ ከሆናችሁ እናንተ ዞራችሁ እዩ!

ከዚያ አንድ ቀን፣ ጆሮዬ ሥር...

"ይማርህ..."

ክው አልኩ። ገና አላስነጠሰኝም ነበር።

ወዲያው አስነጠሰኝ።

በሳምንቱ ባለ ሱሪው መጣ። ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሚቀባው ቀለም ቀቢ ነው። ቅጥነቴን እያየ "መርፌ" ይለኛል። በሩን እንዳለፈ አፍንጫውን ያዘ።

"አንተ መርፌ! እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው?"

ከአፉ ካመለጠው በኋላ አፈረ።

"ይቅርታ... እናትህን ነፍስ ይማር። ግን ሻጋታ ነው የሚሸተኝ።"

ሽታውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ እናቴ ክፍል ገባ። ቁም ሳጥኑን ወደ ጎን ገፋው።

ግድግዳው ጠቁሯል። ጥቁሩ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ትከሻዬ ድረስ ወጥቷል።

እናቴ እስከ ትከሻዬ ነበረች...

"ይሄን ነው ስትተነፍስ የከረምከው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን ያንሾካሹክሃል?"

"እኔ እንጃ... የተኛ ሰው ያለ መሰለኝ።"

በማግስቱ እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሟ ጀርባዬን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

"ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"

"ብቻዬን።"

"ሻጋታውን ያስነሱ። መስኮቱን በየቀኑ ይክፈቱ። በዚያ አየር አንድ ክረምት ቢከርሙ ይሄ ሳንባ አይችልም። እየቀለድኩ አይደለም፣ አባቴ።"

ፈራሁ። ሞት ይፈራል፣ ምን ይደረግ።

ቀለም ቀቢው ግድግዳው ውስጥ የሚያፈሰውን የውሃ ቧንቧ አሠራልኝ። ጥቁሩን ፈቀፈቀው፣ አጠበው፣ ሲደርቅ ነጭ ቀባው። እኔ የበሩን ጨርቅ ጣልኩ። ከስምንት ወር በኋላ መስኮቱን ከፈትኩ።

"አንዲት ነጥብ እንኳ ተመልሳ ካየህ የዚያኑ ቀን ደውልልኝ፣ እሺ?" አለኝ ሲወጣ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረቴ ተከፈተ። የደጁን ደረጃ ሳልቆም ወጣሁ። ማስነጠሱም ቆመ።

ድምፁም ቆመ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ሰላምታ እንኳ የማያውቅ ቤት ሆነብኝ። የስፌት መኪናው ሲቆም የራሴን ጉሮሮ እሰማለሁ። አንድ ቀን በርበሬ አሸተትኩ። ትስቁብኝ ይሆናል፤ አዎ፣ አውቄ ነው ያሸተትኩት። አምስት ጊዜ አስነጠሰኝ።

ጠበቅኩ...

ማንም የለም።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ ነው።

ከእናቴ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አስነጠሰ።

እኔ አይደለሁም።

ሁለት ጊዜ፣ በተከታታይ፣ ቀጭን። እናቴ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነበር የምታስነጥሰው።

ከዚያ ጸጥ አለ። መልስ እየጠበቀ ያለ ሰው ዝም እንደሚለው።

ተነስቼ ገባሁ። መጋረጃው በንፋስ ይውለበለባል። ክፍሉ ይበርዳል። ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ከትከሻዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። እርጥብ ናት።

ስፋቷ የሰው አፍ ያህላል።

ስልኬን አወጣሁ። የቀለም ቀቢው ቁጥር ፊቴ ነው፤ ጣቴን ማሳረፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ሐኪሟ ያለችውም አልጠፋኝም። አንድ ክረምት ብላኛለች። ክረምቱ ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

ሁለት ጊዜ፣ በተከታታይ፣ ደግማ አስነጠሰች።

"ይማርሽ" አልኩ።

"ያኑርህ..."

ስልኩን ኪሴ ውስጥ መለስኩት። መስኮቱን ዘጋሁት፤ መቀርቀሪያውንም ገፋሁት።

ንፋስ እንዳይመታት።