ዘይት ያልነካው እግር

ልብስ ሰፊው የማሳጅ አልጋው ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቷል። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁና አንደበቱ እምቢ ካሉት ወዲህ፣ እጁም አፉም ታናሽ ወንድሙ ነበር። ያ ወንድም አሁን አዲስ ኮቱን እንደለበሰ በረንዳው ላይ ሆኖ ሰፈሩን ይቀውጠዋል።

«ወንድም ጋሼን ገደለችብኝ! እግሩን አሽታ ገደለችብኝ!»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እብቅ አታሳልፍም። የሟቹ ትከሻና ጀርባ በዘይት ያብረቀርቃል። አንደኛው ባቱ አብጧል፤ የጣት ምልክት ቀልቶ ይታያል። ባቱን በነጭ መሐረብ ጠረገችው። መሐረቡ እንደነበረ ነጭ ነው። ስትወጣ ግን የበሩ እጀታ አዳለጣት።

ማሳጅ የምትሠራው ልጅ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማለች።

«ጋሼን ለስለስ አድርጌ፣ ትከሻና ጀርባውን ብቻ ነበር የማሸው። ዛሬ ወንድሙ 'እግሩንም ጠበቅ አድርገሽ እሺው' አለኝ። አንሶላውን ስገልጥ ባቱ አብጧል፣ ይፋጃል። እንዲህ ያለ እግር አይነካም እኮ! ደም ረግቶ ከሆነ፣ ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ይዘጋል። ወንድሙን ጠርቼ ይህንኑ ነገርኩትና አምቡላንስ ልጠራ ሮጥኩ። ስመለስ ሞቷል።»

«እጅሽን ታጥበሽ ነው የወጣሽው?»

«ኧረ የምን መታጠብ እትዬ! በዘይት እጄ ነው የሮጥኩት።»

«ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር አየሽበት?»

«አንደበቱ እየተፈታ ነበር። ባለፈው 'ሱቄን... ወሰደ' አለኝ። 'ማን ነው?' ስለው አለቀሰ።»

ወንድምየው ከበረንዳው ገብቶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ውሸቷን ነው! ምንም አልነገረችኝም። እኔ ከበረንዳው ንቅንቅ አላልኩም!»

ወንፊት ሁለት ቦታ ስልክ ደወለች። የሟቹ ሚስት እንደመጣች ሦስቱንም አልጋው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ልጅቷ በቅባት እጇ ነው የሮጠችው፤ የበሩም እጀታ፣ አምቡላንስ የጠራችበት ስልክም በዘይት ርሰው ይመሰክራሉ። ይሄን ባት እሷ አሽታው ቢሆን በዘይት በራሰ ነበር። ደረቅ ነው፤ ደረቅ እጅ ነው ያሸው። እሷ ስትወጣ ክፍሉ ውስጥ የቀረኸው አንተ ነህ።»

«ባደርገውስ! ላሳርፈው ብዬ ነዋ! በምን አውቃለሁ?»

«'ከበረንዳው ንቅንቅ አላልኩም' አላልክም? ታውቅ ነበር። ሐኪሙን በስልክ ጠይቄዋለሁ፤ ትናንት 'ደም ረግቷል፤ እግሩ እንዳይታሽ፣ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሩ' ብሎሃል።»

ሚስትየው ብድግ አለች። «እኔን 'ድካም ነው፣ ይታሽ አሉ' አለኝ እኮ!»

«በዚህች ልጅ እጅ ሊያስገድለው ነበር፤ እምቢ ስትለው በራሱ እጅ ጨረሰው። በተሰጠው ውክልና ሱቁን ሸጦታል፤ አሁን ሱቁ ስደውል ስልኩን ያነሳው ገዢው ነው። ወንድሙ አፍ ከፈታ ጉዱ ይወጣል።»

ወንድምየው ወደ ሚስትየው ዞሮ አንገቱን ደፋ። «እትዬ...»

«እትዬ አትበለኝ! እሱ መናገር ሲያቅተው፣ 'ግድ የለም፣ ወንድሜ አለ' እያለ በዓይኑ ያሳየኝ አንተን ነበር!» ድምጿ ተሰበረ። «ያንን ኮት አውልቅ። በአንድ እጁ ነው የሰፋልህ፤ አውልቅ!»

አዝራሩን ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም። እሷው ፈታችው፣ ከላዩ ገፈፈችው፣ የባሏንም እግር ሸፈነችበት።