ሁለት የመጨረሻዎች

«ሁለቱም ላይ ‹የመጨረሻ› ይላል» አሉ አታሚው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «እንግዲህ የትኛው ነው የመጨረሻው?»

ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች። ሁለቱን ፋይሎች የሠራቻቸው፣ ሁለቱንም «የመጨረሻ» ብላ የሰየመቻቸው፣ ለሁለት ሰዎች «ይኸው አለቀ» ብላ የላከቻቸው እሷው ራሷ ናት። አንደኛው ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ቀጥ ያሉ ነጭ ፊደላት ብቻ አሉበት። ሌላኛው ብርቱካናማ ነው፤ ቀሚሷ የሚሽከረከር ሴት አለችበት፣ ከቀሚሷ ጫፍ የወጣውም ክር በፊደላቱ መሀል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የተጻፈው ግን ሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ «እህትማማቾች ልብስ ስፌት»።

«ጋሼ፣ አንዴ ልደውል?»

«ደውይ። ግን ግማሽ ሰዓት ነው ያለሽ። ከዚያ የክሊኒኩን ሥራ እጀምራለሁ፤ ማሽኑ እስከ ሐሙስ ተይዟል።»

ማስታወቂያው የሚሰቀልበት ሱቅ የሚከፈተው ደግሞ ነገ፣ ማክሰኞ ነው።

ልጅቷን ቤት ውስጥ «ሥራ አስኪያጇ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሳሎኑ ጥግ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ዘርግታ፣ ግድግዳው ላይ «የዲዛይን ቢሮ፤ ከመግባትዎ በፊት ያንኳኩ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ወንድሟ በር የሌለውን ቢሮ ዞር ዞር ብሎ አየና «ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ ምኑን ነው የማንኳኳው?» አላት። ስሙ በዚያው ጸና። እሷ ግን የምሯን ነበር። የማንም ተቀጣሪ አልሆንም፣ ለራሴ ነው የምሠራው ብላ ቆርጣለች። እናቷ ይህን ሲሰሙ «መጀመሪያ ፈተናሽን እለፊ፤ ከዚያ ራስሽን ትቀጥሪያለሽ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

የመጀመሪያ ደንበኞቿ ልብስ ሰፊዎቹ እህትማማቾች ናቸው። ሰፈሩ ትልቋና ትንሿ ይላቸዋል። ሁለቱ አብረው ሲያዝዟት ነገሩ ቀላል ነበር፤ «ለአዲሱ ሱቃችን ቆንጆ ማስታወቂያ ሥሪልን» ነው ያሏት። ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ትልቋ ለብቻዋ ጠሯት።

«ልጄ፣ ሰው የሚመጣው ልብስ ሊያሰፋ እንጂ ሰርከስ ሊያይ አይደለም። ረጋ ያለ ነገር ይሁንልኝ። ለእህቴ ግን አትንገሪያት፤ ተሰቅሎ ስታየው ትወደዋለች።»

ማታውኑ ትንሿ ደወለች። «ሆዴ፣ የጡረታ ቢሮ እንዳታስመስይብኝ። ደመቅ፣ ፈካ ይበል። ለእህቴ እንዳትነግሪያት፤ አንዴ ከተሰቀለ ምን ታመጣለች?»

ሥራ አስኪያጇ ለሁለቱም «እሺ» አለች። ደንበኛ ንጉሥ ነው ሲባል ሰምታለች። ንጉሦቹ ሁለት ሲሆኑ ምን እንደሚደረግ ግን የነገራት የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ትልቋ ፊደሉን አወፍሪው ይላሉ፤ ትንሿ ቀሚሱን አስፊው ትላለች። አንድ ቀን ጨንቋት ሁለቱን አዋሕዳ ሞከረች። ከሁለት ሰው ልብስ ተቀዶ የተጣፈ መስሎ ሲታያት አጠፋችው።

አሁን ከማተሚያ ቤቱ ስትደውል ወንድሟ ስልኩን አንሥቶ ሁሉንም ከሰማ በኋላ ሳቀ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አሉ» አላት።

«ተረቱን ተውና ምን ላድርግ?»

«አቦ፣ አታካብጂው። የትልቋን አሳትሚ። ትንሿ ስትጠይቅሽ አታሚው ፋይል ተሳስቶ ነው በያት። አታሚና ኔትወርክ ሁሌም ጥፋተኛ ናቸው። ማን ሊያጣራ ነው?»

ስልኩን ዘጋች። ነገሩ ቀላል መሰላት፤ እንዲያውም ደስ አላት። ቀና ስትል አታሚው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል።

«ይቺ ፊደል ጠርዝ ነክታለች» አሉ። «ሲቆረጥ ትሄድብሽ ነበር። ገባ አድርጌልሻለሁ። በሁለቱም ላይ።»

ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ያስተካከሉት። ደስታዋ እዚያው ጠፋ። በእኚህ ሰውዬ ላይ ልታላክክ ነው? ካላላከከችስ ምን ልትል ነው? የትልቋን ብታሳትም ትንሿን ዋሸች፤ የትንሿን ብታሳትም ትልቋን። ጭራሽ ባታሳትም ደግሞ የመጀመሪያ ሥራዋ ገደል ገባ፤ ከእንግዲህ ማን ያምናታል? ከየትም ብትጀምር የምትደርሰው እዚያው ነው።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም በትንሽ ወረቀት ያውጡልኝ» አለች።

አዲሱ ሱቅ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ስትደርስ ትልቋ እጅጌ ይተኩሳሉ፤ ትንሿ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቀሚስ ትተረትራለች። ሁለቱም ቀና ብለው በየፊናቸው ፈገግ አሉላት፤ ምስጢር የሚጋራ ሰው ፈገግታ ነው። ወረቀቶቹን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«ይሄ የእርስዎ ነው። ይሄ ደግሞ ያንቺ» አለች። «ለሁለታችሁም እሺ ብያለሁ። የሚታተመው ግን አንድ ነው።»

ትልቋ ካውያውን አቆሙ። «በሁለት ቢላዋ መብላት ከማን ተማርሽ?»

እንባዋ መጣ። «ሁለታችሁም አትንገሪያት ስትሉኝ ግራ ገባኝ።»

ትንሿ ወደ እህቷ ዞረች። «እትዬ፣ አንቺም አትንገሪያት ብለሻታል?»

«አንቺስ አላልሽም?»

ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሰፉ ሴቶች፣ አንዷ መስኮቱን ሌላዋ ወለሉን ያዩ ጀመር። ልጅቷ ብትወጣ ይሻል ወይስ ብትቆይ አላወቀችም። በመጨረሻ ትልቋ ወረቀቶቹን አነሡ፤ አራቁ፣ አቀረቡ።

«ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አሉ። «የቱ ይሻላል?»

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ሰማያዊው የትልቋ ቃል ነው፤ ብርቱካናማው የትንሿ። የራሷን ፈልጋ አጣችው። አንዱን ብትጠቁም ሥራው ዛሬ ይታተማል፣ ነገ ይሰቀላል፤ ጣቷን ማንሣት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

«ሁለቱም አይሆኑም» አለች። «የሚሆነው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።»

ስልኳን አውጥታ ለአታሚው ደወለች። «ጋሼ፣ ተራዬን ለክሊኒኩ ይስጡት። ሐሙስ እመጣለሁ።»

«ነገ አይደል እንዴ ሱቁ የሚከፈተው?» አሉ አታሚው።

«ነው» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ «ውጪ!» የሚላት ሰው ትጠብቅ ነበር። ያላት የለም። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ገለጠች።

«ማስታወቂያውን ተዉት» አለች። «ሥራችሁን ንገሩኝ። ማን ምን ይሠራል? ሰውስ ምን ብሎ ነው እናንተ ጋ የሚመጣው?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ ትልቋ ስለ ኮት፣ ትንሿ ስለ ሙሽራ ቀሚስ። አንዱንም መስማት አልቻለችም።

«በየተራ» አለች።

ትልቋ ካውያውን ከሶኬት ነቀሉ፤ ወንበራቸውን ጎትተው ከእህታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«አንቺ ጀምሪ» አሏት እህታቸውን።