የኬቻም ኩርባ

በሎንግ አይላንድ፣ ለመኪና ብቻ ተብሎ የተሠራው የሲሚንቶ መንገድ በድንች ማሳዎች መሃል ቀጥ ብሎ ይሄድና ከአቶ ኬቻም እርሻ ሲደርስ ድንገት እንደ ክርን ይታጠፋል። መንገዱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች «መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ነው» ይላሉ። መሬቱ ደረቅ ነው። መንገዱን ያጣመመው ፍቅር ነው፤ ግን ይህን በሪፖርት ላይ የሚጽፍ መሐንዲስ እስካሁን አልተወለደም።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆች 1908 የጸደይ ወራት፣ የኒው ዮርክ ሀብታሞች «ፈረስ የማይረግጠው መንገድ ይኑረን» ብለው በተነሡበት ሰሞን ነው። ዊላርድ ቴሪ የሚባል ወጣት ቀያሽ በአቶ ኬቻም ማሳ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረባቸውን ካስማዎች ተክሎ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ አንድም ካስማ በቦታው የለም። ሁሉም ጓሮ ውስጥ ተሰልፈው ለአደንጓሬ ድጋፍ ሆነዋል።

«ይቅርታ ወይዘሪት፣ እነዚህ የኩባንያው ናቸው» አላት፣ እዚያ ተንበርክካ የምትኮተኩተውን ልጅ።

የአቶ ኬቻም አንድያ ልጅ ፊቢ ቀና አለች። እጇ በአፈር ተለውሷል።

«ኩባንያው አደንጓሬ ያበቅላል እንዴ?»

«መንገድ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው ሌላ እንጨት ይፈልግ። እነዚህ ሥራ ይዘዋል።»

ዊላርድ ካስማዎቹን ሊነቅል ጎንበስ አለ፤ ዓይኗን ሲያይ ረሳቸው። እሷም የምትኮተኩተውን ረስታ ቀረች። በመካከላቸው አንዲት ዶሮ አለፈች።

«አባትሽን ስለ መሬቱ ሽያጭ ላነጋግር ነበር የመጣሁት።»

«ገበያ ሄዷል። ሐሙስ ይምጡ። ሐሙስ የፖም ኬክ እጋግራለሁ» አለችና ፊቷ ቀላ። ኬኩን ከመሬት ሽያጩ ጋር ምን እንዳገናኘው ራሷም አላወቀችም።

ማታ አቶ ኬቻም ደስ ብሏቸው ገቡ። «ቀያሹን ልጅ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሐሙስ ወረቀቱን ያመጣል፤ እፈርማለሁ። ድንች ሠላሳ ዓመት አጎንብሶኛል። ከፈለጉ መኪና ይንዱበት፣ ከፈለጉ ዝሆን!»

ፊቢ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባቷ ከፈረሙ ቀያሹ ወደሚቀጥለው እርሻ ይሄዳል። የሚቀጥለው እርሻ ባለቤት ደግሞ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት።

«የእማዬስ የፖም ዛፎች?» አለች። «መስመሩ ላይ ናቸው እኮ። ልትሞት ስትል ‹አደራ፣ እንዳይቆረጡ› ብላኝ ነበር።»

እናቷ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እንዲያውም ፖሞቹ ይጎመዝዛሉ እያለች ነበር የኖረችው። አቶ ኬቻም ግን ማንኪያቸውን አስቀምጠው በመስኮቱ ወደ ዛፎቹ አዩ። ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ሀብታሞች በሙሉ ተሰልፈው ቢለምኗቸውም የሚንቀሳቀሱ ሰው አልነበሩም።

እነሆ ሐሙስ ሐሙስን ወለደ። ዊላርድ ይመጣል፣ አቶ ኬቻም «አይሆንም» ይላሉ፣ ኬክ ይበላል፣ ፊቢ እስከ አጥሩ ትሸኘዋለች። አጥሩ ላይ ብዙ አይነጋገሩም። እሱ ባርኔጣውን ያሽከረክራል፣ እሷ የመጎናጸፊያዋን ዘርፍ ትቆጥራለች፤ እንደ ተሳሳተ ሰው ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ለኩባንያው ግን «አዛውንቱ እጅግ ግትር ናቸው፤ ጊዜ ያስፈልገኛል» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ሐሙስ ታናሽ ወንድሙ ሌስተር አብሮት መጣ። ሌስተር በውድድር መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ መካኒክ ነው፤ የኬኩን ግማሽ ብቻውን ጨረሰ።

«ወንድሜ የሚቀይሰው መሬት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው እንዴ?» አለና ፊቢን ጠቀሳት።

«አንተስ፣ እዚያ መኪና ላይ ምንድን ነው ሥራህ?»

«ሾፌሩ ወደፊት ያያል፣ እኔ ወደኋላ። የደረሰብን ካለ ትከሻውን እደበድባለሁ። ኩርባ ላይ ደግሞ መኪናው እንዳይገለበጥ ወደ ውጭ እንጠለጠላለሁ።»

«ለዚህ ይከፍሉሃል?»

«ምሳ ያበሉኛል። እንዳንቺ አይነቱን ግን አይደለም።»

ዊላርድ ሲስቅ ፊቢ አየችው። ወንድሙን የሚያይበት ዓይን እሷን ከሚያይበት ጋር አንድ ነበር። የዚያን ቀን ነው እንደምታገባው ያወቀችው።

በነሐሴ የኩባንያው ትዕግሥት አለቀ። በመንገዱ ላይ የሚደረገው የመኪና ውድድር በጥቅምት ነው፤ እርሻውን ዙሩት የሚል ትእዛዝ መጣ። በአንድ በኩል ኩሬ፣ በሌላ በኩል የአቶ ኬቻም አጥር፤ ዊላርድ ኩርባውን በራሱ እጅ ሣለው።

«ትንሽ ጠበበ» አላት አጥሩ ላይ። «ግን በዝግታ ከሄዱ ያልፋሉ። ፊቢ፣ ከውድድሩ በኋላ እንጋባ?»

«እንጋባ» አለች፣ ቃሉን ሳይጨርስ።

ማታውኑ ወደ አባቷ ሄደች። «አባዬ፣ ስለ እማዬ ዛፎች ምናልባት እኔ...»

«የእናትሽን አደራ ሁለተኛ በአፍሽ እንዳታነሺ!» አሉ አቶ ኬቻም። እሷም የጀመረችውን ሳትጨርስ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች።

ለውድድር የመጣ ማንም ሰው በዝግታ አይሄድም። በመጀመሪያው ዙር ሌስተር በኩርባው ላይ ከመኪናው ውጭ ተንጠልጥሎ «የኩርባዋ እመቤት!» ብሎ ከደጃፏ ሆና ለምታየው ፊቢ ጮኸላት። በሁለተኛውም ጮኸ። በሦስተኛው የኋላው ጎማ ከሲሚንቶው ወጣ፣ መኪናው ተሽከረከረና አጥሩን ጥሶ ገባ፣ ሌስተርም ወደ ፖም ዛፎቹ ተወረወረ።

ሾፌሩ እያነከሰ ተነሣ። ሌስተር አልተነሣም። ፊቢ ሽርጧን ከራሱ ሥር አደረገችለት። ዊላርድ እየሮጠ ሲደርስ የቀሩት መኪናዎች አሁንም በኩርባው እያለፉ ነበር፤ የወንድሙን ስም ሲጣራ ድምፁን ዋጡት።

ከሌስተር ቀብር በኋላ በነበረው ሐሙስ ዊላርድ መጣ። ወደ ቤት አልገባም። አጥሩ ላይ ቆሙ።

«ዊላርድ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እናቴ ስለ ዛፎቹ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አባዬ ከፈረመ አትመጣም ብዬ ፈራሁ።»

እንዲቆጣት ጠበቀች። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጨፈነ።

«የመጀመሪያው ቀን አባትሽ መንገድ ላይ አገኙኝ» አላት። «‹የት ልፈርም?› አሉኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ብዕሩም። ‹ሐሙስ አመጣዋለሁ› አልኳቸው።»

«ለምን?»

«ኬክ እጋግራለሁ ብለሽኝ ነበራ።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ይስቁበት፣ ለልጆቻቸውም ይተርኩት ነበር።

«ይቅር በለኝ።»

«ብያለሁ። አንቺም በይኝ።»

«እኔም ብያለሁ።»

ይቅርታው ከሁለቱም ወገን ተሰጠ፤ ማንም ግን ወደ ማንም አልተራመደም።

«ባየሁሽ ቁጥር ደስ ይለኛል» አላት። «አሁንም፣ እዚሁ ቆሜ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እሱ ትዝ ይለኛል። እንዴት አድርጌ አብሬሽ እኖራለሁ?»

«እኔም ደስታን የሚፈራ ባል ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲበላ ማየት አልችልም» አለች።

ከሩቅ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ። ዊላርድ ደህና ሁኚ ሊላት አፉን ከፈተ።

«ነገ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም» አላት።

«ድንቹን ዛሬ እናስገባለን» አለችው።

ጥሩ ምክር እንደ ሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። በመንገዱ አልሄደም፤ ማሳውን አቋርጦ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደ። ፊቢ ኮቴው እስኪጠፋ ቆየች። ከዚያ ጆንያ አንሥታ ወደ ድንቹ ገባች።