የተወሰደው ሐዘን

ሀያም ከታላቅ እህቷ ከቶይባ ጋር ሸጎሌ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት አላት። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በእጅ ሙያቸው ነው። እነዚያው እጆች የሰው ግንባር ላይ ሲያርፉ ትዝታን መዝዘው ማውጣት እንደሚችሉ ግን ማንም አያውቅም። አስማቱን የወረሱት ከእናታቸው ነው። እሷም በዚህ ምክንያት «ጠንቋይ» ተብላ ከተወለደችበት አገር ተባርራለች። ስለዚህ እህትማማቾቹ የማንንም ግንባር ላይነኩ ተማምለው ነበር።

መሐላውን ያፈረሰችው ሀያም ናት።

ሙንዲር የሚባል ወጣት የሟች ወንድሙን ኮት ይዞ «በልኬ አጥብቡልኝ» ብሎ መጣ። ትከሻውን ስትለካው ድምፅ ሳያሰማ ያለቅስ ነበር። ሐዘኑን ልታቀልለት ብላ መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።

እንባው ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮት አየና «የማን ነው?» አላት።

ሀያም ከሐዘኑ ጋር ወንድሙንም እንደወሰደችበት አወቀች። «የደንበኛ ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሙንዲር ሰበብ እየፈጠረ ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ቁልፍ ተበጠሰብኝ ይላል፣ ሌላ ቀን ዚፕ። ሲስቅ ዓይኑ እሷ ላይ ይቆያል፤ እሷም ታየውና ታቀረቅራለች። ወደደችው። ነገር ግን በሳቀ ቁጥር የወንድሙ የኢስሐቅ ሳቅ ውስጧ ይሰማታል፤ የወሰደችው ትዝታ እሷ ጋ ነበርና።

ሊያገባት እንደሚፈልግ በነገራት ሰሞን እናቱ ወይዘሮ ኡመይማ ሊያዩዋት መጡ።

«ልጄን አስቀሽልኛል፤ አላህ ይስጥሽ» አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን የወንድሙን ስም ስጠራ ‹ማን?› ይለኛል። ሐኪሙ ድንጋጤ ነው አለ። ኢስሐቅን ብቻዬን ነው የማለቅሰው፣ ልጄ።»

ሀያም ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

እንደወጡ ቶይባ በሩን ዘጋች። «ከመለስሽለት ያውቅብናል። ነገ ሰፈሩ በሙሉ በራችን ላይ ነው።»

«እናቱን አየሻቸው?»

«አይቻለሁ» አለች ቶይባ። የዘጋችውን በር መልሳ ከፈተች።

በማግስቱ ሀያም ሙንዲርን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ግንባሩን ስትነካው ፈገግታው ጠፋ፤ «ኢስሐቅ» አለና ወንበሩ ላይ እጥፍ ብሎ አለቀሰ።

ቀና ሲል እንደ ባዳ አያት።

«ያዘንሽልኝ መስሎሽ ነው?»

«አዎ። በኋላ ግን እንዳላጣህ ብዬ ደበቅኩህ።»

«እናቴ ስታለቅስ እኔ አጠገቧ እስቅ ነበር። ለመሆኑ የወደደሽ ማን ነው፤ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ የሠራሽው ሰው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ጥሏት ወጣ።

እህትማማቾቹ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ። ማንም አልመጣባቸውም። ክረምቱ አለፈ። ሙንዲር ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ያ ዝምታው ከስድብ በላይ ሀያምን ያቃጥላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። ቶይባ አይታው ወደ ጓዳ ገባች።

«አሁንም ተቀይሜሻለሁ» አለ። «ግን ሐዘኔ ተመልሶልኝም አንቺን መናፈቄ አልቀረም።»

ሀያም የያዘችውን መርፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ስለ ኢስሐቅ አሁን የምታስታውሺው አለ?»

«ምንም። ሁሉም ወደ አንተ ተመልሷል፤ የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲያው ልንገርሽ» አለና፣ ወንድሙ ብስክሌት ሲያስተምረው አብረው ቦይ ውስጥ ስለወደቁበት ቀን ጀመረላት። መሃል ላይ እንባው መጣ። ሀያም እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀችው።