የዶን ሲርያኮ ክንፍ

«ቅዳሜ ብቻ ነው። ለአንድ ቀን አያታችንን አክስት ሮሴንዳ ጋ ይዘሻቸው ሂጂ» አለ ኤልቪዮ፣ የፀሐይ መነጽሩን ሳያወልቅ። የማንጎው ጥላ ሥር ቆሞ የፀሐይ መነጽር ማድረጉ ብቻውን ዬሩቲን አናዷታል።

ዬሩቲ ያጠበችውን ማልያ ገመድ ላይ ማስጣቷን ቀጠለች። የአጎቷ ልጅ ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን ድረስ መኪና እየነዳ የመጣው አያቱ ናፍቀውት እንዳልሆነ ታውቃለች። የሚናፍቁትማ ቢሆን ኖሮ መቼ ይገድላቸው ነበር?

አዎ፣ ገድሏቸዋል። ያውም በቴሌቪዥን። ከስድስት ዓመት በፊት ሜክሲኮ ሲጫወት፣ ጎል ካገባ ወራት አልፎት ደጋፊው በፉጨት ሲሸኘው፣ አንድ ቀን ኳስ ተሳስታ ጉልበቱን ነክታ መረብ ውስጥ ገባችለት። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ጋዜጠኛው ጎሉ ለማን እንደሆነ ቢጠይቀው «ላሳደጉኝ አያቴ» አለ። ጋዜጠኛው ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ነፍሳቸውን ይማር» ሲል፣ የኛ ጀግና ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሜን» አለ። ከዚያች አሜን በኋላ ያፏጭ የነበረው ሕዝብ ያጨበጭብለት ጀመር።

ከዚያ ቱርክ ሄደ፣ ብራዚል ሄደ። በሄደበት ሁሉ ማልያውን «ደሜ ነው» እያለ ይስማል፤ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ማልያ ለመሳም ሻንጣውን ያነሣል። የክንፍ ተጫዋች ነው ይሉታል። ተከላካይ ጠጋ ሲለው ግን የሚበረው ወደ ሣሩ ነው፤ ማንም ሳይነካው ወድቆ እግሩን ይዞ ይንከባለላል። ያልተለወጠው ያ ጣቱ ብቻ ነው። ኧረ ምን እሱ ብቻ፣ ባቱ ላይ የአያቱን ፊት ከሁለት ክንፍ ጋር አስነቅሷል። አሁን እግሩ ሲከዳው ተመልሶ ለአሱንሲዮን ክለብ ፈርሟል፤ የቴሌቪዥን ሰዎችም የሕይወት ታሪኩን ሊሠሩ ቅዳሜ ይመጣሉ። የሟቹን ቤትና የሟቹን ባዶ ወንበር ይቀርጻሉ።

ሟቹ ዶን ሲርያኮ በዚህ ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ፣ በር ላይ ተቀምጠው ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻያቸውን በብረት ቀሰም እየሳቡ ነው። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። መንደሩ ሁሉ ጉዱን ቢያውቅም ለእሳቸው ትንፍሽ ያለ የለም። ኤልቪዮ አልፎ አልፎ ጎል ሲያገባ ሽማግሌው ጣቱን አይተው «እዚያ ላይ ምን ይታየዋል? ዝናብ መጣ እንዴ?» ይላሉ። ጎረቤት ይስቃል፣ ዬሩቲ ትበግናለች።

«አልሄድም ብልስ?» አለችው።

«ሰኞ የክለቤ የሴቶች ቡድን የተጫዋቾች ሙከራ አለው። ስምሽን አስገብቻለሁ።» አሁን መነጽሩን አወለቀ። «ማስወጣትም አይከብደኝም። ፋራ አትሁኚ፣ ዬሩ።»

ዬሩቲ ወደ ማልያዎቹ ዞረች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው፤ እሷም እንደሱ የግራ ክንፍ ተጫዋች ናት። በመንደሩ የሴት ቡድን ስለሌለ ከወንዶች ጋር እየተጋፋች ነው ያደገችው፣ ከዚያ ሙከራ ሌላ የምትመኘው ነገር አልነበራትም። ግራ እግሯን ያስተማሯት አያቷ ናቸው። የቀኙን ጫማ አስወልቀው በግራው ብቻ ያጫውቷታል፤ ባዶው እግር ኳሷን ስለሚፈራ ግራው ሳይወድ በግዱ ይለምዳል። ኤልቪዮንም ያስተማሩት እንደዚያው ነው። ኤልቪዮ አለመቃወሟን እሺታ አድርጎት ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ዬሩቲ የአያቷን ቦርሳ ስታዘጋጅ፣ ለኤልቪዮ ታከማች የነበረው ንቀት ሁሉ ወደ ራሷ ዞረ። አክስት ሮሴንዳ ታማለች የሚል ውሸት እንኳ ከማታ ጀምራ አዘጋጅታለች። ከእሱ በምን ተሻለች? እሱ ቢያንስ የገደላቸው ሳያስበው ነው፤ እሷ አቅዳ ነው።

ዶን ሲርያኮ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ነጩን የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ውሸቷን ጮክ ብላ ነገረቻቸው።

«ሮሴንዳ አልታመመችም» አሉ ረጋ ብለው። «የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ያነባል። ቴሌቪዥኑ ሥር ‹ሟች አያቱ› እያሉ ሲጽፉ ስድስት ዓመቴ። የዛሬውን ቀረጻም እዚያው አንብቤያለሁ።»

ዬሩቲ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ አባባ?»

«ምን ልበል? አልሞትኩም ብዬ ሜክሲኮ ልሂድ?» ወንበራቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ጭራሽ ክንፍ አስነቅሶልኛል። ክንፉን ለእኔ ከሰጠኝ እሱ በምን ሊጫወት ነው?»

ዬሩቲም ሳቀች፤ የሰኞውን ሙከራ ጉዳይም ጮክ ብላ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ለሰኞው የሚጠቅማት ከሆነ እንሂድ አሏት፤ ይህን ያህል ዓመት ሞተው ለከረሙት አንድ ቀን ቢጨመር ምንም እንደማይሉ ነገሯት። ይህን ሲሉ ግን ጣታቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይዳብስ ነበር። ያን ሸሚዝ ለሮሴንዳ ብሎ የሚለብስ ሰው የለም። የልጅ ልጃቸው ዛሬ ወደ ቤት እንደሚመጣ አውቀው ነው የለበሱት።

ከመንገዱ መጨረሻ ወደ ሮሴንዳ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ጡሩምባ ጮኸ። ሽማግሌው አልሰሙትም። ዬሩቲ ሰማችው፣ ግን አልነገረቻቸውም። ቦርሳውን ወደ ውስጥ መልሳ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አውጥታ አስቀመጠቻቸውና ለቴሬሬው በረዶ ልታመጣ ገባች።

የቴሌቪዥኑ መኪና አቧራውን እያስነሣ ሲደርስ ኤልቪዮ ቀድሞ ወረደ። ንቅሳቱ እንዲታይ ቁምጣ ለብሷል። ወንበሩ ባዶ አለመሆኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ዶን ሲርያኮ ጎንበስ ብለው ባቱን አተኩረው አዩና ንቅሳቱ ሪዛቸውን እንዳበላሸው ነገሩት።

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኗን ይዛ ጠጋ አለች። «እኚህ አባትስ ማናቸው?»

«ጎረቤት ናቸው» አለ ኤልቪዮ ቶሎ ብሎ፣ አንዱን እግሩን በሌላው እየከለለ። ከዚያ ዬሩቲን አፍጥጦ አያት። ሰኞን እያስታወሳት እንደሆነ ገብቷታል።

ዬሩቲ ቀዝቃዛውን ውሃ የቴሬሬው ዋንጫ ውስጥ ሞልታ ለአያቷ አቀበለቻቸው።

«ሟቹ ናቸው» አለች ለጋዜጠኛዋ። «ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው ጮክ ብለው ይጠይቋቸው።»