የጎደለችው «እንዴ»

«ከሰው ቁልፍ ላይ አንዷን ለራሴ አስቀራለሁ» አሉ ቁልፍ ቀራጩ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ።

ሚጡ ኮምፒዩተሩ ላይ ቅጂውን ወደ ኋላ መለሰችና ደግማ አዳመጠች። ሰውየው አሁንም ያንኑ አሉ፤ ረጋ ብለው፣ ሳያፍሩ፣ እንደሚናዘዝ ሰው። ሦስተኛ ጊዜ ስትሰማው ገባት። እሳቸው እንዲህ አላሏትም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና አምስተኛ ወሯ ነው። የምታጠናው ኮሙኒኬሽንና ሚዲያ ነው። በዕድሜም በቁመትም ከክፍሉ የምታንሰው እሷ ስለሆነች «ሚጡ» አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸናባት። የመጀመሪያው የሬዲዮ ሥራቸው የሦስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ነበር። አብሯት የተመደበው ልጅ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሉታል። ሬዲዮ እንግዳ የመምረጡን ነገር ለእሷ ተወላት። እሷም ከዋናው በር አጠገብ፣ ሁለት ሰው በማታስቀምጥ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጹትን ሽማግሌ መረጠች። በግቢው ውስጥ የዶርም ቁልፍ ጠፍቶበት እሳቸው ዘንድ ያልሮጠ ተማሪ የለም።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን ልቅረጸው?» ስትላቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«እኔ ቁልፍ እቀርጻለሁ፣ አንቺ ድምፅ ትቀርጫለሽ። ያው አንድ ሙያ ነው። ቅረጪ!»

ሰው የቤቱን ቁልፍ ሲሰጥዎት አይፈራም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ መለሱላት። «ለምን ይፈራል? ሠላሳ ዓመት እዚሁ ተቀምጫለሁ። ከሰው ቁልፍ ላይ አንዷን ለራሴ አስቀራለሁ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ልክ «እንዴ» ሲሉ ማሽኑ ብረቱን ነክሶ ጮኸ። ሚጡ ድምፁን ስታጸዳ ያንን ጩኸት ከሥሩ ቆረጠችው። «እንዴ»ም ከነሳቁ አብራ ሄደች። ሦስት ፊደል።

ትናንት መምህርቷ ከአሥራ ስምንቱ ሥራ የእሷንና የሬዲዮን መርጠው በግቢው ጣቢያ ምሳ ሰዓት ላይ እንደሚተላለፍ ተናገሩ። «ሰው እንዲህ እንዲናዘዝ ማድረግ ቀላል አይደለም» አሉ። ሚጡ ማታውን ሙሉ በደስታ ስትንሳፈፍ አመሸች። ሽማግሌው ምን እንደተናዘዙ ራሷን የጠየቀችው ግን ዛሬ ጠዋት ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አርባ ደቂቃ ቀርቷል።

«ሬዲዮ፣ ጉድ ሆነናል» አለችና አንዱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰካችለት።

ሰምቶ ትከሻውን ሰበቀ። «እና? አሪፍ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው አሪፍ? ሌባ አድርገናቸዋል!»

«አታካብጂ ባክሽ። ምሳ ሰዓት ላይ ማን ያዳምጣል? ሁሉም አፉ ሞልቶ ነው።»

«ድምፅ ማጉያው ካፌም አለ፣ ዶርም ፊት ለፊትም አለ፣ በሩ ላይም አለ። ራሳቸው ይሰሙታል። ነገ ማን ቁልፉን ይሰጣቸዋል?»

ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ በሳምንት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። «ስሚኝ። መምህሯ የመረጠችን በዚያች አንድ አረፍተ ነገር ነው። እሷን ካወጣሽ ምን ይተርፋል? ቁልፍ ይጠፋል፣ ቁልፍ ይሠራል። እንቅልፍ! ደግሞ ከገባ በኋላ የተነካካ ሥራ በግማሽ ነው የሚታረመው፤ አፍ አውጥታ ነግራናለች። ማርኩ የኔም ነው እሺ?»

እውነቱን ነው። ሚጡ በእሱ ማርክ ላይ መጫወት አልፈለገችም። ግን ሽማግሌው የተማሪውን ቁልፍ እየተቀበሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ጣል አድርገው ታዩዋት። ተነሣች።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንተ እንዳልነካህ እነግራቸዋለሁ።»

«ይቺ ደግሞ ጀግና ልትሆንብን ነው» አለ ሬዲዮ። ቢሆንም ቦርሳውን አንሥቶ ተከተላት።

መምህርቷ ስቱዲዮ ውስጥ የዕለቱን ዝግጅት እየደረደሩ ነበር። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበሰ ስለሆነ የሰው ትንፋሽ እንኳ ይሰማል።

«መምህር፣ ቃለ መጠይቁ ውሸት ነው» አለች ሚጡ ሳትቀመጥ።

«ማን ዋሸ? ሰውየው?»

«እኔ። ማለቴ… ሳላውቅ ነው። ‹እንዴ› ቆርጬባቸዋለሁ።»

«ምን ቆረጥሽ?»

«‹እንዴ›ን።»

ሬዲዮ ከኋላዋ ሳቁ አመለጠው። መምህርቷ አልሳቁም። ያልተነካውን ቅጂ አምጪ አሉና ማዳመጫውን አጠለቁ። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይህን ሰሙ። ማሽኑ ሲጮህ ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ትናንት ስሰማው ደነገጥኩ። ደንግጬም ወደድኩት» አሉ። «ይሄን ሰው እንዴት እንዲህ አስባልሽው ብዬ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። አልጠየቅኩም።» ሰዓታቸውን አዩ። «ሃያ ስምንት ደቂቃ አለሽ። መልሺያት። ጩኸቱም አብሮ ይመለስ።»

«ማርኩስ?» አለ ሬዲዮ።

«ሕጉን ታውቁታላችሁ። የነካችው እሷ ናት፤ ለእሷ ግማሽ። አንተስ ነክተሃል?»

ሬዲዮ ጣሪያውን አየ። ወለሉን አየ። የሚጡን ማጅራት አየ።

«አብረን ነው የሠራነው» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው።

«እንግዲያው ለሁለታችሁም።»

ሚጡ ግማሽ ማርክ እንደተቀነሰባት ሳይሆን እንደተጨመረላት ሁሉ ቅልል አላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንዴ» ወደ ቦታዋ ገባች፤ ሳቁም፣ የማሽኑ ጩኸትም። ግን ሥራው አሁን ሦስት ደቂቃ ከሁለት ሰከንድ ሆነ። ከኋላው ዜና አለ፤ ሦስት ደቂቃ ማለት ሦስት ደቂቃ ነው።

«ከጥያቄው ላይ እንቁረጥ?» አለ ሬዲዮ።

«ጥያቄውን ከነካን መልሱም ይዛባል።» ጣቷን ወደ መጨረሻው ወሰደች። እዚያ የሁለቱ ስም አለ፤ አራት ሰከንድ። ሬዲዮ ስሙን ለመጥራት ድምፁን አወፍሮ ስድስት ጊዜ ነበር የተቀዳው።

«ኧረ በናትሽ!» አለ። ከዚያ ሳቀ። «በቃ ቁረጪው። ለግማሽ ማርክ ስም ምን ያደርጋል!»

ቆረጠችው። በዚህኛው ግን ከመቁረጧ በፊት ሦስት ጊዜ አዳመጠች፤ አብሮ የሚወድቅ ነገር እንዳይኖር።

ሲጨርሱ በሩጫ ወደ ዋናው በር ወረዱ። የቆርቆሮዋ ሱቅ ፊት አራት ተማሪዎች ቆመዋል። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና የሚጡ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም የሽማግሌው። ቁልፍ ቀራጩ ማሽናቸውን አቁመው አንገታቸውን አሰገጉ።

«…አንዷን ለራሴ አስቀራለሁ እንዴ?» አለ ድምፅ ማጉያው። ማሽኑ ጮኸ፤ ሳቃቸው ተከተለ። የቆሙትም ሳቁ።

አንዷ ተማሪ ቁልፏን ዘረጋች። «ጋሼ፣ ሁለት ቅጂ ይሥሩልኝ።»

«ሁለት? አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለጓደኛሽ። የኔስ?»

ሰዉ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ሚጡም ሳቀች። ሳቋ ከሌሎቹ በላይ ስለረዘመ ተማሪዎቹ ዞረው አዩዋት።

ሽማግሌውም አዩዋት። «ጎሽ የኔ ልጅ! ማሽኔን እንኳ ሳታስቀሪ አሰማሻት። ምንም አልቆረጥሽብኝም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሬዲዮ ክንዷን ጎተት አደረጋት። «በይ እንሂድ፤ ምሳ ሊያልቅ ነው።»

ሚጡ ግን ከሱቁ ጎን የምትገኘውን አግዳሚ ወንበር በእጇ ጠራርጋ ተቀመጠች።

«አንተ ሂድ። እኔ ሰዎቹ እስኪሄዱላቸው እቆያለሁ።»

«ምን ልትያቸው?»

«የሆነውን።»

«ሰውየው ደስ ብሏቸው የለ እንዴ?»

«ብሏቸዋል» አለች ሚጡ።

ሬዲዮ ወደ ካፌው አየ። ወደ እሷ አየ። ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ።

«ጠጋ በይ» አላት።